ባላምባራስ የጠመዘዘው ሽቦ

ባላምባራስ ደመቀን ፊት ለፊት ሳገኘው አንቱ እለው ነበር። አሁን ግን የማወራው ከራሴ ሰዎች ጋር ስለሆነ አንቱታውን አስቀርቻለሁ፤ ቅር የሚለው ካለ ጆሮውን ይድፈን። ባልሠራው ጥፋት ሰው ያሳሰረ፣ አሮጊት ያቃጠለ ሰው ነው። እንዴት አድርጌ እንደተበቀልኩት ነው የማጫውታችሁ።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ አሰላ ነው። ያኔ የከተማው መብራት ከወፍጮ ቤት ነበር የሚመጣው። የወፍጮው ባለቤት ግሪኩ ቀን ቀን ስንዴ የሚፈጭበትን ሞተር አመሻሽ ላይ ወደ መብራት ያዞረዋል፤ አቅም ያለው ሰው ከዚያ መስመር ይስባል። ባሌ መርሻ ናዝሬት ከጣሊያኖች ጋራዥ ሥራውን ተምሮ የመጣ ሽቦ ዘርጊ ነበር። በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ መብራት ካላቸው ቤቶች የመርሻ እጅ ያልነካው ጥቂት ነው።

መርሻ አንድ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ አምፖሉ ሳይሆን ስለ ፊውዙ ነበር። ፊውዝ ማለት ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ ነጭ ሸክላ ናት፤ በሆዷ ፀጉር የመሰለ ቀጭን ሽቦ ተወጥሯል። ቤቱ ከአቅሙ በላይ ሲስብ ወይም ሁለት ሽቦ ሲነካካ ያ ቀጭን ሽቦ ቀድሞ ይበጠስና ሁሉም ነገር ድርግም ይላል። ጨለማ ይሆናል እንጂ እሳት አይነሣም። "ቤቱ እንዳይቃጠል እሷ ትቃጠላለች" ይል ነበር መርሻ፣ ስለ ዘመድ እንደሚያወራ ሰው።

ሰው ግን ፊውዝ አይወድም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልወዳትም ነበር። እንግዳ ተቀምጦ፣ ወጥ ቀርቦ ሳለ ድንገት ትጠፋለች። ከዚያ ፋኖስ ፍለጋ፣ ከዚያ በርጩማ ፍለጋ፣ ከዚያ መርሻ ፍለጋ። ሽቦውን ለመቀየር የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ የሚያውቀው ደግሞ ሁልጊዜ ቤት አይገኝም። "ይኼ ሰው ሆን ብሎ የሚጠፋ ነገር እያስገባ ያመላልሰናል" ብለው የሚያሙትም ነበሩ። አንድ ቀን አስመራ ውስጥ አዲስ ዓይነት መጥቷል፣ ሽቦ የለውም፣ ሲበዛበት ቁልፉ ራሱ ዘሎ ይወርዳል፣ በጣት ጫን አድርጎ መመለስ ነው ሲባል ሰማሁና "ታዲያ ያንን አታስመጣም?" አልኩት። መርሻ ሳቀ።

"እሱማ ጥሩ ነው። ሽቦ መለወጥ የለ፣ በርጩማ የለ። ግን ዋጋውን ማን ይችለዋል? ደግሞ ሰው ለምን ወረደ ብሎ ሳይጠይቅ መልሶ መላልሶ ይጫነዋል። የእኔዋን ለመቀየር ግን በርጩማ ላይ መውጣት አለ፤ እስክትወጪ ድረስ ታስቢያለሽ።"

ባላምባራስ ደመቀ ግን በርጩማ ላይ ወጥቶም የሚያስብ ሰው አልነበረም።

ይህ ሰው ከገበያው በላይ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩ የኪራይ ክፍሎች ነበሩት። ግድግዳቸው ጭቃ፣ ኮርኒሳቸው ኖራ የተቀባ አቡጀዴ ጨርቅ። መርሻ ለመደዳው አንድ መስመር ዘርግቶ በየክፍሉ አንዳንድ አምፖል ሰቀለ፤ ፊውዟንም በአምፖሎቹ ልክ አደረጋት። ቆይቶ ባላምባራስ ጫፍ ላይ ያለውን ክፍል ለከዲሮ አከራየው። ከዲሮ የሲሬ ልጅ፣ ልብስ ተኳሽ ነው፤ የኤሌክትሪክ ካውያ ይዞ መጣ። ካውያው ሲሰካ መደዳው በሙሉ ይጨልማል። መርሻ ሄዶ ሽቦውን ይቀይራል፤ በማግስቱ እንደገና ይጠራል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ።

"ባላምባራስ፣ ለካውያው የራሱ መስመርና የራሱ ፊውዝ ያስፈልገዋል" አለው መርሻ አንድ ቀን። ምሳውን ላደርስለት ሄጄ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

"ደግሞ ሌላ መስመር! ለምን ጠንከር ያለ ሽቦ አትከትበትም?"

"ጠንከር ካለ አይበጠስም ጌታዬ።"

"እኔስ ምን አልኩህ? እንዳይበጠስ አይደል የምፈልገው?"

"እሱ ካልተበጠሰ ኮርኒሱ ላይ የሄደው ሽቦ ይግላል። እዚያ ያለው አቡጀዴ ነው።"

ባላምባራስ ፊቱን አዙሮ ስለ ገብስ ዋጋ ከሌላ ሰው ጋር ማውራት ጀመረ። መርሻ ቀጭኗን ሽቦ ቀይሮ መጣ።

መካከለኛው ክፍል ውስጥ እማማ ወለተ ማርያም ይኖሩ ነበር። ልጅም ዘመድም ያልነበራቸው፣ እግራቸውን የሚያማቸው አሮጊት ናቸው፤ የእኛ የሚካኤል ማኅበር አባል ነበሩ። እኔ እናቴን በልጅነቴ ስላጣሁ እማማ ስላቸው ከአንጀቴ ነበር። ግንቦት ውስጥ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ክንዴን ተደግፈው እያነከሱ "እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ፣ መርሻም ሊያርፍ ነው" አሉኝ። "ባላምባራስ ራሳቸው በርጩማዬ ላይ ቆመው የፊውዙን ሳጥን ሠሩት። ከእንግዲህ አይጠፋም ብለውኛል።"

ቤት ገብቼ ለመርሻ ነገርኩት። የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀምጦ ተነሣ። ሲደርስ የፊውዙ ሳጥን ላይ የጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ባላምባራስ ቤት ሄዶ ቁልፉን ለመነ። "ሥራህን ጨርሰሃል፤ ንብረቴ ላይ ምን አባህ አለህ?" ብሎ ከደጅ መለሰው።

በዚያው ሳምንት መደዳው ነደደ። ከዲሮ አመሻሽ ላይ የሠርግ ልብስ እየተኮሰ ሳለ አቡጀዴው ከራሱ በላይ ሲጤስ አይቶ እየጮኸ ወጣ። ሌሎቹም ወጡ። እማማ ወለተ ማርያም በዚያ እግራቸው የት ሊደርሱ? እኔ ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ ጣሪያው ወርዷል። ሰዎች መሬት ላይ ጥለው ያዙኝ፤ ሁለት እጄን ጠምዝዘው ያዙኝ። በማግስቱ ያገኘነውን በነጠላ ጠቅልለን ቀበርን።

እሳት ያጠፋው ነፍስ ስላለ አውጫጭኝ ተጠራ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ዋርካው ሥር ተሰብስቦ ያየውንና የሚያውቀውን እየማለ ይናገራል፤ ሳይናገር ወደ ቤቱ መሄድ የለም። የባላምባራስ ተራ ሲደርስ መስቀል ጨበጠና ዓይኑን በጨው አጥቦ "እጄ ያንን ሳጥን አያውቀውም" አለ። "የመብራት ነገር ምኑም አይገባኝም። እኔ የማውቀው መርሻ መሥራቱን ነው።" እኔ እማማ የነገሩኝን ተናገርኩ። "የሰማሽው እንጂ ያየሽው አይደለም፤ ያውም ለባልሽ ነው" ተባልኩ። ከዲሮ መብራቱ መጥፋት መተዉን እንጂ ሳጥኑን ማን እንደነካው አያውቅም። ሳጥኑ ራሱ ቀልጦ ከዐመዱ ጋር ተቀላቅሏል።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው አቶ ይርሳው ከጎንደር ተሹመው የመጡ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። በአንድ በኩል መስቀል የጨበጠ ባላምባራስ፣ በሌላ በኩል እጁ በዘይት የጠቆረ ሽቦ ዘርጊ። መርሻ በሥራው ጉድለት ሰው ገድሏል ተብሎ ወህኒ ወረደ። ሲፈረድበት የጮኽኩት እኔ ነኝ፤ ዘብ አውጥቶ ከበሩ ውጭ ጣለኝ።

ከዚያ ወዲያ የምፈልገው አንድ ነገር ሆነ። ያ ሰው በገዛ አፉ፣ በዚያው ዳኛ ፊት፣ "እኔ ነኝ" እንዲል። መርሻን የሚያስፈታው ሌላ ነገር አልነበረም። ግን ለመርሻ ብቻ ብዬ ነው ብል ውሸት ነው። ባላምባራስን በመንገድ ሳየው ጥርሴ ይፋጭ ነበር። ቤቱ በላዩ ላይ ሲነድ በዓይነ ኅሊናዬ አይቼ እሰይ ያልኩበት ቀን ብዙ ነው። ክረምቱን በሙሉ ያሞቀኝ እሱ ነው።

እኔና እሱ አንድ ማኅበር ነን። ባላምባራስም፣ ዳኛው አቶ ይርሳውም፣ እኔም የሚካኤልን ጽዋ የምንጠጣ ነን። የማኅበሩ ወግ ደግሞ ለባላምባራስም ለሽቦ ዘርጊ ሚስትም አንድ ነው። የደጋሹ ደጅ በአባል ላይ አይዘጋም። ጽዋው ከመነሣቱ በፊት መምሬ ወልደአማኑኤል "የተቀያየመ አለ?" ብለው ይጠይቃሉ፤ አለ የሚል ካለ ጽዋው አይቀመስም፤ ሁለቱ እስኪታረቁ ሁሉም ደርቆ ይቀመጣል። መርሻ ከታሰረ ወዲህ እኔ ጥያቄው ከመድረሱ በፊት ነጠላዬን አጣፍቼ እወጣ ነበር። የምወጣው ስለምፈራ የመሰላቸው ነበሩ። የድግሱ ተራ የባላምባራስ እስኪሆን እየጠበቅሁ ነበር።

ለኅዳር ሚካኤል ተራው ደረሰ።

በዋዜማው የማኅበሩ ሴቶች ለሥራ ስንሰበሰብ እኔም ሽንኩርት መክተፊያዬን ይዤ ከች አልኩ። የባላምባራስ ሚስት ወይዘሮ በቀለች በር ላይ አይታኝ ደነገጠች።

"ተናኘወርቅ! መጣሽ?"

"ሚካኤል የአንቺ ብቻ ነው እንዴ?" አልኳት። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ከክፉ ሰው ጋር መኖር ለምዳ ነው።

ሽንኩርቱን እየከተፍኩ ዓይኔ ቤቱን ይዞራል። ሳሎኑ መሐል ባላምባራስ ከአዲስ አበባ ያስመጣው የኤሌክትሪክ ምድጃ ተቀምጧል፤ ወጡን በእንግዳ ፊት ሊያሞቅበት ነው። ጓዳው ውስጥ ደግሞ የበቀለች የኤሌክትሪክ ካውያ አለ። ከሳሎኑ በር በላይ መርሻ የሰቀለው ሳጥን አለ። ሰው ዞር ሲልልኝ በርጩማ ላይ ወጥቼ ከፍቼ አየሁት። ቀጭኗ ሽቦ በቦታዋ ናት፤ መርሻ ያስቀመጠው ትርፍ ሽቦም አጠገቧ ተጠቅልሏል። አያችሁት ይህን ሰው? ለተከራይ ወፍራም ሽቦ፣ ለራሱ ልጆች ፊውዝ! ሳጥኑን ዘግቼ ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ።

ያንን ቤት መርሻ ሲዘረጋ መሰላሉን ይዤለት ነበርና ነገሩን አውቃለሁ። ሳሎንና ጓዳ በአንድ ፊውዝ ነው የሚሄዱት። አምፖሎቹንና ምድጃውን ትችላለች። ካውያ ሲጨመርባት ትበጠሳለች።

ሰው ሁሉ ከቀትር በኋላ የሚደግሰውን ባላምባራስ ወደ ምሽት ገፋው፤ መብራቱ እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ እንዲበራለት ነው። የግሪኩ ሞተር ሲነሣ አምፖሎቹ ቦግ አሉ፤ ቤቱ "እሰይ!" አለ። ምድጃው ቀላ። ባላምባራስ ካባውን ደርቦ እየተንጎራደደ፣ ወጡን እያማሰለ ያሳያል። አቶ ይርሳው ከመምሬ ወልደአማኑኤል አጠገብ ተቀምጠዋል። የባላምባራስ የልጅ ልጆች ጓዳ ውስጥ ካለው አልጋ ላይ ተኝተዋል።

"በቀለች፣ የጽዋው መሸፈኛ ተጨማዷል፤ ልተኩሰው?" አልኳት።

"ተባረኪ" አለችኝ።

ካውያውን ሰካሁት። ድርግም።

ሳሎን ውስጥ "ኧረ!" ተባለ። ባላምባራስ "ግዴለም፣ ግዴለም" ብሎ በርጩማ አስመጣና ወጣ። አቶ ይርሳው ፋኖሱን ከፍ አድርገው ያዙለት። በጓዳው በር ሆኜ አየሁት፤ ሸክላዋን ሳብ፣ የተቃጠለውን ጠረግ፣ አዲሷን ሽቦ ልብስ ሰፊ ክር በመርፌ እንደሚያስገባ ቀልጠፍ ብሎ አስገባ። የመብራት ነገር ምኑም አይገባኝም ያለው ሰው! ቢሆንም በገዛ ቤቱ ፊውዝ መቀየሩ ማስረጃ አይሆንም። ካውያውን ነቅዬ ጠበቅሁ።

መብራት መጣ። እጅ መታጠብ ተጀመረ። መምሬ ማዕዱን ባርከው የመጀመሪያው ጉርሻ ሲነሣ መልሼ ሰካሁት።

አሁን ሳቅ ሆነ። "ባላምባራስ፣ ጨለማ ነው እንዴ የደገሱልን?" አለ አንዱ። ሌላው "ወጡን በዳበሳ እንጨርሰዋለን" አለ። ባላምባራስ በሰው ፊት ከሚሳቅበት ቢሞት ይመርጣል። እኔ ካውያውን ስነቅል እሱ በርጩማው ላይ ወጥቶ ቀየረ። ጥቂት ቆይቼ እንደገና ሰካሁት።

"ይኼ የዚያ እስረኛ ሥራ!" ብሎ ጮኸ በጨለማው። "ወትሮም የሚጠፋ ነገር ነው የሚያውቀው!" ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዶ አንድ ነገር ይዞ ተመለሰ። በፋኖሱ ብርሃን አየሁት፤ የስንዴ አገዳ የሚያህል የመዳብ ሽቦ ነው። በርጩማው ላይ ወጣና ወዲያ ወዲህ አጣጥፎ ሰብሮ፣ በጣቱ ጠምዝዞ በሸክላዋ ላይ ጠመጠመው። እጁ አላመነታም። መንገዱን የሚያውቅ እጅ ነው። አቶ ይርሳው ፋኖሱን ይዘው አሻቅበው ያዩታል።

ከጓዳ ወጥቼ በርጩማው ሥር ቆምኩ። ድምፄን አለሳለስኩ።

"ባላምባራስ፣ ይኼኛው አይበጠስም?"

"አይበጠስም!"

"እንደው የተሞከረ ነው ወይ ብዬ ነው፤ እንግዳ ፊት ደግሞ እንዳያዋርድዎ።"

"እንዴት አልሞከርኩትም!" አለ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሸክላዋን እየከተተ። "ኪራይ ቤቱ ውስጥ ይህንን ካስገባሁ በኋላ አንድ ቀን ጠፍቶ ያውቅ ነበር?"

መብራቱ መጣ። ሁሉም ሰው ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ባላምባራስ ያለውን የሰማው ከእኛ በኋላ ነው። ከበርጩማው ሲወርድ ፊቱ ኖራ መስሎ ነበር።

"ደመቀ" አሉ አቶ ይርሳው፣ ማዕረጉን ትተው። "መስቀል ጨብጠህ እጄ ያንን ሳጥን አያውቀውም አላልክም?"

ይህ ሰው ግን በቀላሉ የሚወድቅ አይደለም። "ብነካውስ?" አለ። "ሽቦ ነው። ሽቦ ሽቦ ነው። ቤቱን ያቃጠለው የመርሻ አዘረጋግ እንጂ ይህች ቁራጭ መዳብ ምን ታደርጋለች?" አንዳንዱ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እውነት ምን ታደርጋለች፣ የሚል ነገር በፊታቸው ላይ አየሁ። ያ እንዳይሆን ነበር ክረምቱን ሙሉ ስዘጋጅ የከረምኩት።

"እሺ ባላምባራስ" አልኩት። "ይህንንም ቤት የዘረጋው መርሻ ነው። ሽቦው ያው፣ ኮርኒሱም ያው አቡጀዴ። ምድጃው ቀልቷል፣ ካውያውም ጓዳ ተሰክቷል። ያቺ ቁራጭ መዳብ ምንም የማታደርግ ከሆነ ግሪኩ ሞተሩን እስኪያጠፋ ድረስ እንዳለች ትቆይ። ማንም አይንካት። የልጅ ልጆችዎም ከተኙበት አይነሡ። ክፉ ነገር ናት ካሉ ግን በገዛ እጅዎ ያውጧት፤ ያኔ ማን እማማ ወለተ ማርያምን እንዳቃጠለ እናውቃለን።"

"ማኅበር ነው እኮ ይኼ" አለ አንዱ።

"ማኅበር ስለሆነ ነው" አልኩት።

ባላምባራስ ተቀመጠ። እግሩን አነባብሮ፣ ብርሌውን አንሥቶ፣ ፈገግ ለማለት ሞከረ። እኔም ቆምኩ። ማንም አይበላም። ቤቱ በብርሃን ተሞልቷል፤ እንደዚያ ምሽት የደመቀ ቤት አሰላ ውስጥ አላየሁም። ጥቂት ቆይቶ የሞቀ ጎማ ሽታ መጣ። መጀመሪያ የሸተተው እኔን ነው መሰለኝ፤ ያንን ሽታ ከመደዳው ዐመድ ላይ አውቀዋለሁ። ከዚያ አቶ ይርሳው አንጋጠጡ። ከዚያ ሰው ሁሉ አንጋጠጠ። ከጓዳው በር በላይ ያለው የኮርኒሱ ኖራ ቡኒ መሆን ጀምሯል።

ባላምባራስ ኮርኒሱን አላየም። የሚያየው እኔን ነው። እኔም ዓይኔን አልነቀልኩም። ይቃጠል፣ አልኩ በሆዴ። ይቃጠል።

"ደመቀ! ልጆቹ!" ብላ በቀለች ጮኸች።

ያን ጊዜ ዘሎ ተነሣ። ብርሌው ወድቆ ተሰበረ። በርጩማው ላይ ወጥቶ ሸክላዋን ነቀለ፤ ቤቱ ጨለመ። አቶ ይርሳው ፋኖሱን አስጠጉ። ባላምባራስ ጣቱ እየተቃጠለ ያንን ወፍራም ሽቦ ከሸክላዋ ላይ ፈልቅቆ መሬት ላይ ጣለው። በቀለች ጓዳ ገብታ ካውያውን ነቅላ ሕፃናቱን ታቅፋ ወጣች።

መምሬ ወልደአማኑኤል ተነሡ። "የተቀያየመ አለ?" አሉ።

"አለ" አልኩ።

ጽዋው መሐል ላይ ተቀምጧል። ማንም እጁን አልዘረጋም። ባላምባራስ መሬት መሬት እያየ ቆመ። ከዚያ "ሽቦውን የጠመጠምኩት እኔ ነኝ" አለ። "መርሻ ነግሮኝ ነበር። ቁልፉንም የከለከልኩት እኔ ነኝ። ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ።"

"ነገ ችሎት ላይ ይህንኑ ትደግመዋለህ" አሉ አቶ ይርሳው። ፋኖሱን መሬት ላይ አስቀመጡት፤ በባሌ ላይ የፈረደው እጃቸው ነበርና እኔን ቀና ብለው አላዩኝም።

መምሬ ወደ እኔ ዞሩ። "ተናኘወርቅ ልጄ፣ እንግዲህ ይቅር በይው፤ ጽዋችንን እንቅመስ።"

"መምሬ፣ የተቃጠልኩት እኔ አይደለሁም" አልኳቸው። "የተቃጠሉት ይቅር ይበሉት።" ነጠላዬን አጣፋሁና ወጣሁ። ከኋላዬ ጽዋው ሳይቀመስ ቀረ። ያ ማኅበር ከዚያ በፊት ጽዋው ሳይቀመስ ተበትኖ አያውቅም።

ከዚያ ቀጥ ብዬ ወህኒ ቤት ሄድኩ። የጭላሎ ተራራ ብርድ ፊቴን ይገርፈኛል፤ አልተሰማኝም። በሩ ላይ ያለው ዘብ ቱሳ ስንቅ ሳመላልስ ያውቀኛል።

"ማል ታቴ?" አለኝ። "ምን ሆነሻል? የስንቅ ሰዓት አልፏል እኮ።"

"ስንቅ አላመጣሁም። አንድ ቃል ብቻ ልንገረው፤ በአርሴማ ይዤሃለሁ።"

ግራ ቀኙን አየና "ቶሎ በይ" ብሎ መርሻን ጠራልኝ። በእንጨቱ አጥር ክፍተት እጁን አወጣልኝ። ከስቷል፤ ጣቶቹ ቀዝቃዛ ናቸው። እጁን በሁለት እጄ ይዤ አንዱንም ሳላስቀር ነገርኩት፤ ካውያውን፣ ወፍራሙን ሽቦ፣ የዳኛውን ፋኖስ፣ ባላምባራስ በሰው ፊት ያለውን። ስጨርስ እያለቀስኩ እስቅ ነበር። መርሻም ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ።

"ሽቦውን አወጣው?" አለኝ።

"አወጣው አልኩህ እኮ!"

"ሕፃናቱ ምንም አልሆኑም?"

"ምንም አልሆኑም። አንተ ሰው፣ ትፈታለህ እያልኩህ ስለ እነሱ ትጠይቀኛለህ?"

"ባያወጣው ኖሮስ ተናኘ? ካውያውን ትነቅይው ነበር?"

መዋሸት እችል ነበር። ከእኛ በቀር የሚሰማ ቱሳ ብቻ ነው።

"አልነቅለውም ነበር።"

"ልጆቹ እዚያ ተኝተው?"

"ልጆቹ እዚያ ተኝተው።"

መርሻ እጁን ከእጄ ውስጥ ቀስ ብሎ አወጣና ወደ ውስጥ መለሰው። ቱሳ ከኋላዬ "በቃ፣ ገሊ፣ ቤትሽ ግቢ" አለኝ።

ባሌ በታኅሣሥ ተፈታ፤ ባላምባራስ እሱ በወጣበት በር ገባ። መርሻ ሥራውን ቀጠለ፤ እኔም መሰላሉን መያዜን ቀጠልኩ። ስለዚያ ምሽት ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝም መልሴ ያው ነው።